ጋቼኒ ከመኪና የሚወርዱበት ቦታ

በቡላዋዮ ከተማ ሲካንጌዚሌን የሚያውቅ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ዓይኗ አያርፍም። ሌላው ሰው ገበያ ወጥቶ ዕቃ ሲያይ እሷ ደጃፍ ላይ ቆማ ሰው ከመኪና እንዴት እንደሚወርድ ታያለች። ወፍራም ሰው በሩን ወለል አድርጎ ካልከፈተ አይወጣም። ልጅ ያቀፈች ሴት እግሯን አስቀድማ ጭንቅላቷን መጨረሻ ላይ ታስከትላለች። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ የሚምል ይመስል «በል እንግዲህ» ብሎ ይነሣል። ይህን ሁሉ ታያለች። ሲያፍሩባት ዞር ትልና ደግማ ታያለች። «ምን ጠፋብሽ?» ብለው የጮኹባት ብዙ ናቸው፤ አንዷማ ባሌን ልትቀማኝ ነው ብላ ጃንጥላ አንሥታባታለች።

ነገሩ የጀመራት በልጅነቷ ነው። አባቷ ንያቲ በቾሎቾ ገጠር ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ደንበኛው የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው። ልጅቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ስታይ አሮጊቶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ጋሪው መልሰው የኋሊት እንደሚወርዱ ልብ አለች።

«አባባ፣ አሮጊቶች ለምንድን ነው የኋሊት የሚወርዱት?»

አባቷ ስኳር እየመዘነ፣ «የያዙትን ሳያጠብቁ ሌላ ስለማይጨብጡ ነዋ» አላት።

መልሱ አላጠገባትም። በማግስቱ ጋሪ በሚቆምበት ቦታ ሁለት ድንጋይ ደራርባ አስቀመጠች። የመጀመሪያዋ አሮጊት ድንጋዩን በእግራቸው ዳብሰው አገኙትና እየመረቁ ወረዱ። ሁለተኛዋ ድንጋይ መኖሩን ስላላወቁ ተደናቅፈው ዱቄታቸውን ደፉ። አባቷ ገረፋት። እሷን ግን ዛሬም ድረስ የሚከነክናት ግርፋቱ አይደለም፤ ያ ድንጋይ አንዷን ደግፎ ሌላዋን ለምን እንደጣለ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የት ይደርሳል? ሲካንጌዚሌ የደረሰችው ከኢንጂነር ማቴ የንድፍ ቢሮ ነው። የቴክኒክ ትምህርቷን ስትጨርስ ማቴ ለሙከራ ብለው ቀጠሯት፤ ሙከራው እስከ ዛሬ አላለቀም። ቢሮው የሱቅ፣ የክሊኒክና የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነድፋል፤ የእሷ ድርሻ መኪና ማቆሚያ ሆነ። ሥራው ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። ነጭ ቀለም፣ ሲባጎ፣ ብሩሽ፣ አለቀ። ቡላዋዮ ላይ ደግሞ ቦታ ሞልቷል፤ ብዙ በሬ የተጠመደበት ጋሪ ሳይገታ ይዙር ተብሎ የተቀየሰ መንገድ ነው ይባላል፣ መሃሉ ላይ ሁለት ረድፍ መኪና ቆሞ እንኳ ግራና ቀኙ ይተርፋል። ማቴ ግን በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሏት፣

«ልጄ፣ መኪናማ ማንም ያቆማል። ሰውየው ወርዶ ካሰበበት መድረሱ ነው የኛ ሥራ።»

ይህን አባባል ወደደችው። እስከ አሁንም ሲጠይቋት የራሷ አስመስላ ትናገረዋለች።

ካገባች በኋላ የምትኖረው ንኬታ ሰፈር በአማቶቿ ቤት ነው። ባሏ ምታቢሲ እንደ አብዛኛው የሰፈሩ ወንድ ጆሃንስበርግ ነው የሚሠራው፤ በገና ይመጣል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው። እሷ፣ የባሏ አባት ጋቼኒ፣ የአማቷ እህት አክስት ንቶምባና። ጋቼኒ የንድሎቩ ጎሣ ሰው ናቸው፤ የንድሎቩን ሰው ሲያከብሩት ጋቼኒ ይሉታል። እሷም በዚያ ቤት በአባቷ ጎሣ ማንያቲ፣ የንያቲ ልጅ፣ ነች። የሽማግሌውን የገዛ ስም መጻፍ ይቻል ነበር፤ ምራታቸው አንድም ቀን በአፏ ስላላነሣችው እዚህም ይቅር።

ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ዓይን ለዓይን አታያቸውም፤ ሲበሉ አትቆምባቸውም፤ ገላቸውንማ ከነካች ጉድ ነው። ከተማ ውስጥ ይህ ወግ በብዙ ቤት ላልቷል። አንዳንዷ ምራት አማቷን ጋቢና አስቀምጣ እየተሳሳቀች ስትነዳ ትታያለች። በጋቼኒ ቤት ግን አልላላም፤ ማንያቲም እንዲላላ አትፈልግም። ባሏ በዓመት አንዴ ብቅ በሚልበት ቤት እሷንና አማቷን ያለ ሐሜት አንድ ጣሪያ ሥር ያኖራቸው ይኸው ወግ ነው። የሚነጋገሩት በአክስት ንቶምባና በኩል ነው። «ሻይ ደርሷል በሉልኝ» ትላለች፤ «ሻይ ደርሷል» ይላሉ አክስት፤ «ሰምቻለሁ» ይላሉ ጋቼኒ፣ ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው።

ጋቼኒ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ነው የጨረሱት። ሰው የሚያውቃቸው ግን በመዘምራን መሪነታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሃል ከተማ ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ያለማምዳሉ። ቁጣቸው የታወቀ ነው፤ ካላቸው ዘማሪ ግማሹ አንድ ጊዜ በሳቸው የተባረረ ነው። በኋላ ስኳር በሽታ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበት በላይ አስቆረጣቸው፤ ዊልቸር ላይ ተቀመጡ። ቤት ውስጥ ችግር የለም፣ እህታቸው ትከሻቸውን ያውሷቸዋል፣ ቀስ ብለው ይደርሳሉ። ከቤት መውጣት ግን ቀረ። ዘማሪዎቹ መጥተው «ጋቼኒ፣ እኛ አለን አይደል? ተሸክመን እናስገባዎታለን» አሏቸው።

«የቱ ነው የሚሸከመኝ?» አሉ ጋቼኒ። «ትናንት ድምፅህ ሰባራ ነው ብዬ ያባረርኩት? በጆንያ እንደ በቆሎ ተጭኜ ገብቼ በየትኛው አፌ ልቆጣው?»

 ዘማሪዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች የአዳራሻቸው ደጃፍ ላይ የመኪና ማቆሚያው እንዲስተካከል ለማቴ ቢሮ ሥራ ሲሰጡ፣ ማንያቲ እንዴት እንደፈነደቀች መገመት አያቅትም። የመንገዱ ፈቃድ ተገኘ። ከበሩ አጠገብ፣ ጥግ ጥጉን፣ ለአካል ጉዳተኛ ሰፊ ቦታ ሰጠች። የንድፍ ደንብ መጽሐፉ ከሚለው እንኳ አሰፋችው። ዊልቸር እንዲወጣ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ዝቅ አደረገችው። ቀለሙ ሲደርቅ ማቴ መጥተው አዩና «ጥሩ ነው፣ እኔም እግሬን ባጣ እዚህ ነው የማቆመው» አሉ። እሷም አመነች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ነው፤ ማፍሰሷን ያወቀችው ግን ዘግይታ ነው።

በአክስት በኩል «ቦታ ሠርቻለሁ፣ ማንም ሳይሸከምዎት ራስዎ ይወርዳሉ በሉልኝ» ብላ አስነገረች።  ቅዳሜ ሲደርስ ጋቼኒ ሸሚዛቸውን ተተኩሶ አገኙት፤ ለበሱት።

ማንም ሳይደርስ ቀድመው ሄዱ። ትንሿ መኪና ምታቢሲ የላካት ናት። አክስት ጋቢና፣ ጋቼኒ ከኋላ በግራ በኩል፤ ማንያቲ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ወደ ላይ ገልብጣ ነዳች፣ ዓይኗ እንዳያርፍባቸው። ቦታው ላይ አቆመች፤ ዊልቸሩን አውርዳ ዘረጋችው፣ ከበሩ አጠገብ አስጠጋችው፣ ፍሬኑን ይዛ ፊቷን መለሰች። አክስት ንቶምባና ወንድማቸውን ሊደግፉ ከጋቢና መውረድ ጀመሩ፤ አክስት መውረድ ሲጀምሩ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል።

ጋቼኒ አልጠበቁም። በሩን ይዘው ተነሡ፣ ሌላውን እጃቸውን ዊልቸሩ ላይ ጣል አደረጉ። የቡላዋዮ መንገድ መሃሉ እንደ በሬ ጀርባ ከፍ ያለ ነው፤ ወደ ጥጉ፣ ወደ ቦዩ ያዘነብላል። ዓይን አያየውም፣ ጎማ ግን ያውቀዋል። ክብደታቸው ሲያርፍበት ዊልቸሩ ከነፍሬኑ በአሸዋው ላይ ተንሸራተተ። ማንያቲ የብረቱን ፍጭት ሰማችና ዞረች። አማቷ በአንድ እግራቸው አየር ላይ ነበሩ።

ያዘቻቸው። በሁለት እጇ፣ ከወገባቸው፣ ጥርቅም አድርጋ። ደረታቸው ደረቷ ላይ አረፈ፣ የሳሙናቸው ሽታ ሸተታት። ከመንገዱ ማዶ አንድ የሚኒባስ ረዳት «ኧረ ማኮቲ! ሽማግሌውን አታሙቂው!» ብሎ ጮኸ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። ማኮቲ ሙሽራ ማለት ነው። አክስት ደርሰው ተቀበሏት።  ሦስቱም ተመልሰው መኪናው ውስጥ ገቡና ወደ ቤት ሄዱ።

ማንያቲ ያን ቀን እጇን ስንት ጊዜ እንደታጠበች አታውቅም። ጥፋት ሠራሁ ብላ አይደለም፤ ደግሞ ቢወድቁ ደግማ ትይዛቸዋለች። ግን አፈረች። በሳቸውም፣ በራሷም፣ በዚያ በሰፊው ነጭ መሥመሯም አፈረች።

ማታ አክስት ንቶምባና ወደ ማድቤት መጡና እንጨት ማንኪያውን ከእጇ ወስደው ኢሲችዋላውን፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ እያገላበጡ መልእክቱን አደረሱ።

«ልጄ ነፍሴን አተረፈች በያት ብሏል። አልተቀየማትም። ግን ከእንግዲህ ከዚህ ግቢ አልወጣም ብሏል።»

«እኔን ለመቅጣት ነው?»

«አንቺን ሁለተኛ እዚያ ላይ ላለማድረስ ነው። አልገባሽም? ያፈረው ባንቺ አይደለም። አንቺን እንዲያ በማድረጉ ነው።»

ከቁጣ ይህ ባሰ። ቁጣ ቢሆን ያልፋል። የመዘምራኑ ሽማግሎችም መጥተው ነገሩን ቆረጡት። በነሐሴ ትልቁ ጉባኤ ስላለ ጋቼኒ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልተመለሱ መሪነቱ ለሌላ ይሰጣል አሉ። ጋቼኒ «ስጡት» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየተላጩ ማንጎራጎራቸውን ተዉ። 

ቢሮ ገብታ የገዛ ንድፏን አውጥታ ቀኑን ሙሉ አፈጠጠችበት። ስፋቱ ልክ ነው። ርቀቱ ልክ ነው። ማዘንበሉን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ መጽሐፉ ከሚፈቅደው አላለፈም። ታዲያ የት ጋ ነው የሳተችው? ዓይኗ ንድፉ ላይ ያለው ትንሽ ሰውዬ ላይ አረፈ። ዊልቸር በሣለች ቁጥር ከጀርባው አንድ እጀታውን የያዘ ሰው ትሥል ነበር። ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው ያስተማሯት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሥለው። ሰውዬው ስላለ ዊልቸሩ አይንሸራተትም። ሰውዬው ስላለ በሽተኛው አይወድቅም።

ይሄ ሰውዬ ማን ነው?

ልጁ ነው እንዳትል፣ ልጅየው ጆሃንስበርግ ነው። የጎረቤቷን አሰበች፣ የማዶውን ቤት አሰበች፣ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን ሁሉ አሰበች። የታመመውን ሽማግሌ መኪና ውስጥ ይዛ የምትዞረው ምራት ነች። ምራት ደግሞ ትነዳለች፣ ትከፍታለች፣ ታወርዳለች፤ አትይዝም። ይህን ከጡት ጋር የጠባች፣ አማቷን አስር ጊዜ ዞራ የምታልፍ ሴት፣ ወረቀት ላይ ሲሆን በሌላ አገር ሰው እጅ ሣለች። በራሷ ሳቀች። ከዚያ ላጲሷን አነሣችና ሰውዬውን አጠፋችው።

ማቴ በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሰውዬሽ የት ሄደ?»

«ጆሃንስበርግ» አለቻቸው።

ማቴ ሳቃቸው አምልጧቸው መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለት ልጆቻቸው እዚያው ናቸው። ትንሽ ቆይተው ግን «በይ እንግዲህ፣ ያለ እሱ ሥሪው» አሏት።

ሥራው የተጀመረው ንኬታ ግቢ ውስጥ ነው። መኪናዋን አቁማ መሬቱን በአካፋ ደለደለች፣ ውኃ በተሞላ ጠርሙስ ልኩን እያየች፣ ዙሪያውን በኖራ አሠመረች። የውኃ ቱቦ ብረት ሲሚንቶ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ተከለችና ከመኪናው በር ፊት ገተረችው። ጋቼኒ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ገጹ አልተገለጠም።

«አንቺ ንቶምባና» አሉ በመጨረሻ፣ «ያቺ ልጅ ግቢዬን መቃብር ልታደርገው ነው ወይ በያት።»

«መቃብር ልታደርጊው ነው ወይ ይልሻል።»

«የመኪና ማቆሚያ ነው በሉልኝ።»

«የመኪና ማቆሚያ ነው ትላለች።»

«ሰምቻለሁ! ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን ታደክመኛለህ?» ብለው አክስት ጥላ ፍለጋ ተነሡ።

ማንያቲ ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ አጥፋ በሻሽ አሰረችና ከኋላ ወንበር ገባች። ለመውጣት በሩን ስትከፍት በሩ ብረቱን ቋ አድርጎ መታው። ብረቱን ፈቀቅ አደረገችው፤ አሁን ደግሞ ራቀ፣ እጇን ስትዘረጋ በአፍጢሟ አቧራው ላይ ተደፋች። ከበረንዳው አንድ ድምፅ ተሰማ። አክስት ንቶምባና ወደ ወንድማቸው ዞረው አዩ። ጋቼኒ ጋዜጣውን ፊታቸው ላይ አድርገው ነበር፤ ጋዜጣው ይንቀጠቀጣል።

«እየሳቀብሽ ነው» አሏት አክስት፣ መልእክት ሳይላኩ።

«ምን ያስቃል በሉልኝ!» አለች ማንያቲ ከአቧራው እየተነሣች።

«ምን ያስቃል ትላለች።»

«በር ፊት ብረት የሚተክል ሰው ያስቃል በያት። በሩ የሚከፈተው ወደ ፊት አይደል? ብረቱ ወደ ኋላ ይሁን፣ በግራ በኩል። የቀረኝ እግር ግራው ነው። ግራ እጄ ለብረቱ፣ ቀኝ እጄ ለመዝሙሩ...»

እዚህ ላይ አቋረጡ። ምን እንዳሉ የገባቸው ከተናገሩት በኋላ ነው። አክስት ንቶምባና ይህን አልደገሙትም፤ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ማንያቲ መሬት መሬት እያየች ብረቱን ወደ ግራ ወሰደችው።

ጋቼኒ ያን ዕለት አልሞከሩም። በማግስቱ ማንያቲ ሥራ ሄዳ ስትመለስ ግን ኖራው በጎማ ተረግጦ፣ ብረቱ ላይ የእጅ ወዝ አገኘች። አልጠየቀችም። ጎረቤቷ ደጃፍ ላይ ስትቆም ግን ነገሯት፤ አማቷ ቀኑን ሙሉ ከቆመች መኪና ሲወጡና ሲገቡ ውለዋል፣ አክስት ደግሞ ልጆች አጥር ላይ እንዳይንጠላጠሉ በመጥረጊያ ሲያባርሩ ነበር።

ከተማው ላይ ግን ነገሩ እንደ ግቢው ቀላል አልሆነም። ማቴ የመጀመሪያውን ንድፍ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእግረኛውን መንገድ ወደ መኪናው አስፍተሽ ሜዳ ልታደርጊው፣ ገባኝ። የክረምቱ ውኃስ? ቦዩን ደፈንሽው እኮ።»

ከሥር ማለፊያ ሰጠችው።

«ብረቱስ? እግረኛ መንገድ ላይ ብረት ገትረሽ ዓይነ ስውሩ ግንባሩን ይፈንክት?»

ይህን አላሰበችም ነበር፤ የልጅነቷ ድንጋይ ዓይነት ነገር ነው። ሁለቱም ሄደው ከአዳራሹ ማዶ ሙዝ እየበሉ ቆሙ። በዚያ መንገድ የሚያልፉ ሦስት ዓይነ ስውራን አሉ፣ የስልክ ካርድ የሚሸጡ። አንዳቸውም በዛፎቹ በኩል አይሄዱም። ግድግዳውን በዱላቸው እየነኩ ነው የሚያልፉት። ማንያቲ አንደኛውን ጠጋ ብላ ጠየቀችው።

«ወንድሜ፣ በዚያኛው ጠርዝ ለምን አትሄድም?»

«በዛፍ ውስጥ ምን እሠራለሁ? ዝንጀሮ ነኝ?» አላት።

ብረቱ ከዛፎቹ ረድፍ ላይ ተተከለ። ዱላ የሚያገኘው እንዲሆን ከታች ሰፊ መሠረት ተሰጠው፣ ለሚያዩትም ደማቅ ቢጫ ተቀባ። መሬቱ ተስተካክሎ ሲያልቅ ማንያቲ አንድ ብርቱካን ገዝታ መሃሉ ላይ አስቀመጠች። ብርቱካኑ የትም አልሄደም። ማቴ ላጡና በሉት።

የሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ መጣ። በዚህ ጊዜ ጋቼኒ ቀድመን እንሂድ አላሉም። ልምምዱ ተጀምሮ ዘማሪው ሁሉ ውስጥ ሳለ ነው የደረሱት። ማንያቲ ዊልቸሩን አወጣች፣ አስጠጋች፣ ፍሬኑን ያዘች፤ ከዚያ ተመልሳ መሪዋ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ፊት አቀናች። አክስት ንቶምባና ከጋቢና ሊወርዱ ሲሉ ከኋላ «ቁጭ በይ» የሚል ድምፅ መጣ። ቁጭ አሉ፤ እሳቸው ግን እህት ናቸውና ዞረው ማየት ይችላሉ።

የሰው አወራረድ ስታይ ዕድሜዋን የጨረሰችው ሴት ይህንን አንዱን ማየት አይፈቀድላትም። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ የፊት መስታወቱ ላይ የተጣበቀች ትንኝ ላይ አፈጠጠች። በሩ ሲከፈት ሰማች።

«አክስቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እግሩን አወጣ።»

«ብረቱን ያዙ?»

«ቆይ እንጂ!» አሉ አክስት። «ያዘ።»

መኪናዋ ቀለል አለች፤ ተነሥተዋል ማለት ነው። ከኋላ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋ። «አሁንስ?» አለች ማንያቲ። አክስት አልመለሱም። «አክስቴ፣ አሁንስ?» ዝም። እኚህ ሴት ስንት ዓመት ሙሉ የዚያን ቤት ቃል ሁሉ፣ ጨው አነሰ በሩ ተዘጋ ሳይቀር፣ አንድም ሳያስቀሩ አድርሰዋል። ዛሬ ዝም አሉ። ማንያቲ በዓይኗ ጠርዝ ያየችው የሻሻቸው ጫፍ ወደ ፊታቸው ሲሄድ ብቻ ነው። ወደቁ አለች በልቧ። ዞሬ ልያዛቸው፣ አልዙር፤ እጇ መሪውን ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ።

በሩ ተዘጋ፣ ከውጭ በኩል።

«ሄደ» አሉ አክስት።

«ወዴት?»

«ወደ ውስጥ ነዋ! ወዴት ይሄዳል?»

ከአዳራሹ የሚሰማው መዝሙር መሃል ላይ ቀጥ አለ።  ቀጥሎ ያንን የታወቀ ቁጣ ሰማች፣ «ማን ነው እዚያ ጋ ትንፋሽ ውሰዱ ያላችሁ? እኔ ነኝ? ከመጀመሪያው!» መዝሙሩም ከመጀመሪያው ተነሣ።

«አክስቴ፣ መቼ እንምጣ ብለው ጠየቋቸው?»

«ጠየቅሁት እንጂ። እየሄደ በመስኮት በእጄ ጠየቅሁት።»

«ምን አሉ?»

አክስት ንቶምባና ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ «ዞርም አላለ» አሏት።

ማንያቲ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አክስት «አሁን ምን ያስለቅሳል?» እያሉ ራሳቸውም ያለቅሳሉ። ከጎናቸው አንዲት ቀይ መኪና ቆመች፤ የምትነዳት ወጣት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ በአገጯ ወደ ኋላ ወንበር ጠቆመች። ከኋላ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ በኩል መልሰው ተቀምጠዋል።

«እህቴ፣ ጨርሳችሁ ከሆነ ቦታውን ልቀቁልኝ» አለች ወጣቷ። «የኔም አማት አሉ።»

ማንያቲ ዓይኗን ጠርጋ ሞተሩን አስነሣችና ለቀቀችላት።